ሱሄል ሲወጣ ሙቀቱ ይሰበራል? ስለ ካኖፐስ ኮከብ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ነሐሴ አጋማሽን እንዳለፈ ማዳሜ ‹ሱሄል ወጣ፣ ከእንግዲህ ሙቀቱ ይሰበራል› እያለች ለዘመድ ሁሉ ትደውላለች። ማታ ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ ብፈልገው ሰማዩ ላይ ምንም የለም። በማግስቱም ሙቀቱ ያው ነው። በስልኬ አፕ ‹ሱሄል› ብዬ ስፈልግ አንድ ደብዛዛ ኮከብ አሳየኝ። ኮከብ አየር ያቀዘቅዛል እንዴ? ይሄ ሲሪየስ የሚሉት ነው? እኛ አገርስ ይታያል? በአማርኛ ምን ይባላል?»

መልስ፦ ኮከብ አየር አያቀዘቅዝም። አሠሪዎ ግን አልዋሹም። ስህተቱ ያለው «ወጣ» የምትለው ቃል ላይ ነው።

ሱሄል፣ በሌላ ስሙ ካኖፐስ፣ «ወጣ» ሲባል ማታ ላይ ብቅ አለ ማለት አይደለም። ይህ ኮከብ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከግንቦት እስከ ነሐሴ አይታይም። በነዚህ ወራት ከአድማስ በላይ የሚሆነው በቀን ስለሆነ የፀሐይ ብርሃን ይውጠዋል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ከመውጣቷ ትንሽ ቀደም ብሎ በደቡብ ምሥራቅ አድማስ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብልጭ ይላል። «ወጣ» የሚባለው ያን ቀን ነው። በዱባይ አካባቢ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ገደማ ይሆናል፤ በእኛ ነሐሴ 18 መሆኑ ነው። እርስዎ ልብስ በሚያሰጡበት ሰዓት ኮከቡ ከእግርዎ በታች፣ ከመሬት ማዶ ነው። ጣሪያው ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ቢቆሙም አያገኙትም።

አሁን ወደ ሙቀቱ። እኛ አገር አደይ ሲፈካ ክረምቱ ወጣ እንላለን። አደይዋ ግን ክረምቱን ገፍታ አላስወጣችውም። ዝናቡ የሚያባራበት ጊዜና እሷ የምትፈካበት ጊዜ ገጠሙ እንጂ። ሱሄልም እንዲሁ ነው፤ ሰዓት እንጂ ኤሲ አይደለም። ሙቀቱን የሚቀንሰው የፀሐይዋ ነገር ነው። በሰኔ መጨረሻ ዱባይ ላይ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ነው የምትቆመው፣ ከአድማስ ወደ 88 ዲግሪ ከፍ ብላ። ሱሄል በሚታይበት ሰሞን ወደ 76 ዝቅ ትላለች። ለመስቀል ደግሞ 63 ገደማ ትደርሳለች። ቀኑ ያጥራል፣ ሌሊቱ ይረዝማል፣ መሬቱ ሌሊት የሚተነፍስበት ጊዜ ያገኛል። ባሕሩ ግን አይቸኩልም። ውኃው በነሐሴ ከ30 ዲግሪ በላይ ሞቆ ስለሚቆይ ወበቁ ከሱሄል በኋላም ሳምንታት ይከርማል። ዐረቦቹም ሲተርቱ ልብ ይበሉ፤ ሱሄል ሲወጣ የሚበርደው ሌሊቱ ነው እንጂ ቀኑ አይደለም። ሌላም አባባል አላቸው፣ «ሱሄል ከወጣ ጎርፍን አትመን» የሚል፤ የዝናቡ ወቅት እየተቃረበ መሆኑን ለማስታወስ ነው። ሱሄል ብለው የሚቆጥሩት ወቅት ራሱ 52 ቀን ያህል ነው። ስለዚህ «ወጣ» ማለት «በረደ» ማለት አይደለም፤ «ቆጠራው ተጀመረ» ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቀልድ እንዳይታለፍ። ወንድም፣ ባል ወይም ዘመድ ግንባታ ላይ የሚሠራ ካለዎት ይንገሩልኝ፤ የሱሄልን ወሬ ሰምቶ ጥንቃቄውን እንዳይተው። የኤሚሬቶች የቀትር ዕረፍት ሕግ የሚያበቃው እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ነው፤ ኮከቡ ከታየ ከሦስት ሳምንት በኋላ። እስከዚያ ድረስ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6:30 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። ሕግ አውጪዎቹ ሱሄልን ያውቁታል። ግን ቴርሞሜትሩን አመኑ። እርስዎም እንደሱ ያድርጉ፣ የውኃ ጠርሙሱን አያስቀምጡ።

አፕዎ ያሳየዎት ኮከብ ውሸት አይደለም፤ ሌላ ሱሄል ነው። የድሮ ዐረቦች በዚያ የደቡብ ሰማይ ክፍል ያሉ በርካታ ኮከቦችን ሱሄል ይሏቸው ነበር፣ አንዱን ሱሄል እከሌ፣ ሌላውን ሱሄል እከሌ እያሉ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የኮከብ ስሞችን በይፋ ሲመዘግብ «ሱሄል» የሚለውን ለአንደኛው ደብዘዝ ላለ ኮከብ ሰጠው። ዋናው፣ ማለትም አሠሪዎ የሚያወሩለት፣ «ካኖፐስ» ተብሎ ተመዘገበ። በአፕ ሲፈልጉ ካኖፐስ ብለው ይፈልጉ። እንዲህ ያለው መምታታት አዲስ አይደለም። ከሱሄል ቀድመው የሚወጡ ሁለት ኮከቦችን ዐረቦች «አስማዮቹ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። አንዱ «ወላሂ ሱሄል ነው» ብሎ ይምላል፣ ሌላው «ወላሂ አይደለም» ብሎ ይምላል፣ ከሁለት አንዱ በሐሰት ምሎ ያርፋል። ያኔ አፕ አልነበረም፤ ጭቅጭቁ ግን ነበር።

ሲሪየስም አይደለም። ሲሪየስ በሌሊት ሰማይ ላይ ከሚታዩ ኮከቦች ሁሉ ደማቋ ናት፤ ካኖፐስ ሁለተኛው ነው። ዐረቦቹ ሲሪየስን ሺዕራ ይሏታል፤ በቁርኣን አን-ነጅም ምዕራፍ፣ አንቀጽ 49 ላይ በስም የተጠቀሰችው እሷ ናት። ሁለቱን የሚያገናኝ የድሮ ተረት አለ። ሱሄል ጀውዛን አገባ፣ ማለትም ዛሬ ኦሪዮን የምንላትን የከዋክብት ስብስብ። በሠርጉ ሌሊት ወገቧን ሰበራትና ደም ፈርቶ ወደ ደቡብ ሸሸ። ሁለት እኅቶች ነበሩት። አንደኛዋ ሺዕራ የሰማዩን ወንዝ፣ ፍኖተ ሐሊብን፣ ተሻግራ ተከተለችው። ሌላኛዋ መሻገር አቅቷት ማዶ ቀረች፣ እያለቀሰች ዓይኗ ደከመ። ለዚህ ነው ሁለተኛዋ ደብዘዝ የምትለው ይላሉ። ሰማዩን ቀና ብለው ቢያዩት ተረቱ ካርታ ነው። ኦሪዮንን ካገኙ ሲሪየስን ያገኛሉ፣ ከሲሪየስ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ብቻውን የተቀመጠውን ስደተኛ ያገኛሉ። የሱሄል ሌላው ስሙ የመናዊው ነው፤ ከዐረብ ምድር ሲታይ ያለው በየመን አቅጣጫ ነውና። ኳታሮችም ሳተላይት ሲያመጥቁ ስሙን ለሱ ሰጡ፤ የመጀመሪያዋ «ኢስሃይል» እ.ኤ.አ. በ2013፣ በዚያው በነሐሴ ማለቂያ ላይ ነው የተተኮሰችው።

ካኖፐስ ራሱ ምንድን ነው ካሉ፣ ግዙፍ ነው። ስፋቱ ከፀሐያችን 70 ጊዜ በላይ ይሆናል። ፀሐይን አንስተን እሱን በቦታዋ ብናስቀምጠው ጠርዙ ሜርኩሪ ለፀሐይ በጣም ከምትቀርብበት ቦታ ያልፋል። ላዩ ወደ 7,400 ኬልቪን ይሞቃል፤ የፀሐያችን 5,800 ገደማ ነው። ለዚህ ነው ቀለሙ ነጭ፣ ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላ የሚሆነው። የሚያወጣው ብርሃን ከፀሐያችን ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ ነው። ታዲያ ለምን ሲሪየስ በለጠችው? ጎረቤት ስለሆነች ነው። ሲሪየስ ያለችው በ8.6 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ሲሆን እሱ 310 ያህል ይርቃል። ዛሬ ዓይንዎ የሚያርፍበት ብርሃን ጉዞ የጀመረው እኛ ዘንድ ነገሥታቱ ጎንደር በነበሩበት ዘመን ነው። ሲሪየስ ያለችበት ቦታ ላይ ቢቆም ኖሮ ከአጥቢያ ኮከብ ከ30 ጊዜ በላይ ደምቆ በጨለማ ጥላ ይጥል ነበር። እንግዲህ ይህ ሁሉ እሳት እኛ ዘንድ ሲደርስ ቆዳ የሚሰማው ሙቀት የለውም፤ ቅዝቃዜማ ከየት ይመጣል።

ብዙ ሰው ደግሞ «ቀይና አረንጓዴ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ድሮን ነው፣ ሳተላይት ነው» ይላል። ከዱባይ ሲታይ ካኖፐስ ከአድማስ ብዙ አይርቅም። ብርሃኑ ረጅም የአየር መንገድ ያቋርጣል፣ አቧራና ሞቃት አየር እያወላገደው ቀለሙን ይበታትነዋል። የሚርገበገበው አየሩ ነው። ኮከቡ በቦታው ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ግን አውሮፕላን ነው፣ ይተዉት።

አንዳንድ የጠፈር መንኮራኩሮችም አቅጣጫ የያዙት በሱ ነው ስንል ሰው ይገረማል። እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ማርስ የተላከችው ማሪነር 4 አንድ ዓይኗን ፀሐይ ላይ፣ ሌላውን ካኖፐስ ላይ ተክላ ነው የሄደችው። እሱ የተመረጠው ደማቅ ስለሆነና ከፀሐይ መንገድ ርቆ ስለሚቀመጥ ነው። መንገድ ላይ አንዳንዴ ከራሷ የተነሳ ብናኝ ብልጭ ሲል እሱን ካኖፐስ እየመሰላት ትደናገር ነበር። የእርስዎ አፕ ብቻ አይደለም የሚሳሳተው።

ስሙ ከየት መጣ? ግሪኮች ካኖቦስ የሚባል መርከበኛ ነበረ ይላሉ፤ ከትሮይ ጦርነት ሲመለስ ግብፅ ላይ እባብ ነድፎት ሞተ፣ የተቀበረበት ከተማም ኮከቡም በሱ ተሰየሙ። ይህ ተረት ነው። ከተማዋ ግን እውነተኛ ናት፤ ከእስክንድርያ በስተምሥራቅ፣ ዛሬ አቡ ቂር የሚባለው አካባቢ ነበረች። ይቺን ከተማ ያነሳሁት ወደ እኛ የሚመጣ መንገድ ስላላት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 የግብፅ ካህናት በሦስተኛው ፕቶለሚ ዘመን ካኖፐስ ላይ ተሰብስበው አንድ ዐዋጅ አወጡ። የግብፅ ዓመት 12 ወር፣ ወሩ ሠላሳ ሠላሳ ቀን፣ መጨረሻ ላይ አምስት ትርፍ ቀን ነበረው። ዓመቱ ሩብ ቀን ስለሚጎድለው ከሲሪየስ መውጫ ቀስ በቀስ እየተንሸራተተ ሄደ። ካህናቱ «በየአራት ዓመቱ በአምስቱ ላይ ስድስተኛ ቀን ይጨመር» አሉ። አዎ፣ ጳጉሜን ስድስት ማለት ነው። ዐዋጁን ያኔ ማንም አልተከተለውም። የጸናው በሮማው አውግስጦስ ዘመን ነው። ከዚያ በግብፅ ክርስቲያኖች ቀመር በኩል እስከ እኛ መጣ። ሆኖም ይጠንቀቁ፤ የካህናቱ ጉዳይ ከተማዋ ካኖፐስ ላይ ነው የተፈጸመው፣ የሚቆጥሩባት ኮከብ ግን ሲሪየስ ናት። ካኖፐስ ኮከቡን ከእንቁጣጣሽ ጋር የሚያገናኙ ሰዎች ሁለቱን እያምታቱ ነው።

የባሕረ ሰላጤው ሰዎች የራሳቸው ቆጠራ ግን ከሱሄል ነው የሚነሳው። መርከበኛውና ገበሬው ከሱሄል መውጫ ጀምሮ ቀኑን አሥር አሥር እያደረገ ይቆጥራል። ሠላሳ ስድስት አሥሮች ሲሞሉ አምስት ቀን ይተርፋል። የኛን አምስት ቀን ያዩ! እርስዎ የጳጉሜን ጠበል ሲናፍቁ የአሠሪዎ አያት በባሕር ላይ ሆነው ያንኑ የማይገጥም አምስት ቀን የት እንደሚያስገቡት ይጨነቁ ነበር። ሕንዶችም አጋስትያ ይሉታል፣ ሲወጣ የዝናቡ ድፍርስ ውኃ ይጠራል ብለው ያምናሉ። ቻይናዎች የደቡቡ ሽማግሌ ይሉታል፣ ያየው ዕድሜው ይረዝማል ይላሉ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ይታያል፣ ያውም ከዱባይ በተሻለ። ካኖፐስን ለማየት ከ37 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ በታች መሆን ያስፈልጋል፤ ወደ ምድር ወገብ በቀረቡ ቁጥር ከፍ ይላል። ዱባይና ዶሃ ላይ ከፍ ቢል 12 ዲግሪ ነው። ኩዌት 8፣ ኢየሩሳሌም 5 ተኩል፣ አትላንታ ሦስት ተኩል ብቻ። ዋሽንግተን ያለች እኅት ካለችዎት በከንቱ ፈልጊው አይበሏት፤ እዚያ ጭራሽ አይወጣም። አዲስ አበባ ላይ 28 ዲግሪ፣ ሞያሌ ላይ 34 ገደማ ይደርሳል።

ታዲያ እንዲህ እየታየ ገበሬያችን ለምን አልቆጠረበትም? እኔ የማየው ምክንያት ቀላል ነው። አዲስ አበባ ላይ የካኖፐስ የጎህ መውጫ የሚውለው በሐምሌ አጋማሽ ነው። በሐምሌ ጎህ ሲቀድ ምን ሰማይ አለ? ደመናውና ጭጋጉ ተገፍፎ ሰማይ ሲጠራ ኮከቡ ከወጣ ሁለት ወር ሆኖታል። የማይታይ ምልክት ምልክት አይሆንም። እኛ ዘንድ የወቅቱ መለከት ነፊ መሬት ላይ ናት፣ አደይና የመስቀል ወፍ። በደቡብ ያሉት ቦረናዎች ግን ከዋክብትና ጨረቃን አገናኝተው ወር የሚቆጥሩ አዋቂዎች አሏቸው፣ አያንቱ ይባላሉ። ከሚቆጥሩባቸው ኮከቦች አንዷ ሲሪየስ ናት፣ ባሳ ይሏታል።

ስለ አማርኛ ስሙ ምክሬ አጭር ነው፤ ሱሄል ወይም ካኖፐስ ይበሉት። «የአጥቢያ ኮከብ» አይበሉት። ጎህ ላይ ስለሚወጣ ብቻ እንዲህ የሚሉት አሉ፣ ግን የአጥቢያ ኮከብ ቬነስ ናት፤ እሷም ኮከብ ሳትሆን ፕላኔት ናት። ከደመቁት ኮከቦች ሁሉ በጣም ትበልጣለች፣ ደቡብ ጥግም አትቀመጥም።

ለማየት መቼ? ነሐሴ 18ን ይተዉት። ያን ቀን አድማስ ላይ ሕንፃ፣ አቧራና የጎህ ብርሃን አለ፤ የለመዱት አዛውንቶች እንኳ በረሃ ወጥተው ነው የሚያዩት። ለመስቀል ሰሞን፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሥተው ጣሪያ ይውጡ። ፊትዎን ወደ ደቡብ አዙረው ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያጋድሉ። ክንድዎን ቀጥ አድርገው ዘርግተው ጡጫዎን ይጨብጡ፤ ከአድማስ በላይ የአንድ ጡጫ ከፍታ አሥር ዲግሪ ይሆናል። እዚያው ጡጫዎ ጫፍ ላይ ብቻውን የሚያበራው እሱ ነው። ሲሪየስ ከሱ በላይ፣ ከፍ ብላ ትታያለች።

ሌሊት መነሣት የሚከብድዎ ከሆነ ደግሞ እስከ የካቲት ይታገሡ። የካቲት 10 ገደማ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ ትክክል በደቡብ በኩል ከፍታው ጫፍ ላይ ይሆናል። አገር ቤትም በራሳቸው ሰዓት ማታ 3 ላይ ነው ጫፍ የሚደርሰው። ይደውሉና አንድ ሰው ደጅ ወጥቶ ጡጫውን እንዲዘረጋ ያድርጉ። እርስዎ አንድ ጡጫና ጥቂት ያገኛሉ፣ አዲስ አበባ ያለው ሦስት ሊሞላ ትንሽ የጎደለው። ልዩነቱ 16 ዲግሪ ነው፤ የአንድ ዲግሪ የመሬት ርቀት 111 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ዱባይ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 1,800 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች ማለት ነው። ፖሲዶኒዮስ የሚባል ግሪክ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የምድርን ዙሪያ ለመገመት የሞከረው በዚሁ ኮከብ ነበር፤ ከሮድስ ደሴት አድማስ ሲነካ፣ ከእስክንድርያ ደግሞ ሰባት ተኩል ዲግሪ ከፍ ብሎ ይታያል ብሎ። ትክክለኛው ልዩነት አምስት ዲግሪ ከሩብ ገደማ ነው። ጡጫዎ ትንሽ ቢሳሳት አይፈሩ።